ነጭ ጥርስ ፍለጋ

ዘርፌ ስትስቅ አፏን ያየ ሰው ሞያሌ ውስጥ የለም። ሳቋ የሚታወቀው በትከሻዋ ነው፤ የሻሿን ጫፍ ወደ ከንፈሯ ሳብ ታደርግና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ያኔ ጀሪካናቸውን ይዘው የተሰለፉት ሴቶች «ዛሬ ዘርፌ ሳቀች» ይባባላሉ።

ኬንያ በኩል ባለው ሞያሌ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ ሁለት ጥቁር ሮቶ አቁማ ውሃ ትሸጣለች። ቦቴ እየመጣ ይሞላላታል፣ እሷ በጀሪካን ትቸረችረዋለች። ባል አግብታ ፈታለች፤ ልጅ አልወለደችም። በቦረንኛ ላናገራት በቦረንኛ፣ በስዋሂሊ ላናገራት በስዋሂሊ ትመልሳለች፤ ስትቆጣ ብቻ ወደ አማርኛዋ ትመለሳለች። በየትኛውም ቋንቋ ብትናገር ግን ከንፈሯን ገርበብ አድርጋ ነው።

ጥርሷ የበለዘ ነው። የጫት ወይም የትንባሆ ብልዝ አይደለም፣ እሱስ ተፍቆ ይለቃል። የሷ ከውስጥ የወጣ ነው፤ ቡናማ፣ እዚህም እዚያም ዝገት እንደበላው ቆርቆሮ የተቦረቦረ። በልጅነቷ ከሰል አድቅቃ ፈትጋዋለች፣ በሎሚ አሽታዋለች፤ ድዷ ደማ እንጂ ብልዙ ንቅንቅ አላለም።

ተወልዳ ያደገችው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ሐይቆቹ አካባቢ በነበረ የእርሻ ሰፈር ነው። ሰፈሩ የሚጠጣው ከአንድ ጥልቅ ጉድጓድ ነበር፤ የሰፈሩም ልጅ ሁሉ ጥርሱ እንደሷ ነበር። እዚያ ሳለች ነውር መሆኑን አታውቅም። ሁሉም አንድ ዓይነት አፍ ካለው ማን በማን ይስቃል? «ጉድጓዱ ነው» ይባላል፣ በቃ። ውሃው የሞቱ ሰዎች ጥርስ የታጠበበት ነው የሚሉ አሮጊቶችም ነበሩ።

እቤታቸው ጥርሱ ነጭ የነበረው ታናሽ ወንድሟ ፉፋ ብቻ ነው። እናታቸው ጎረቤት በመጣ ቁጥር ከንፈሩን በጣቷ ገለጥ እያደረገች ታሳይ ነበር። «እዩልኝማ፣ ወተት! ይኼን እንኳ ጉድጓዱ አልነካብኝም።»

የደርግ መንግሥት የወደቀ ሰሞን ዘርፌ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፣ ፉፋ አራት አልሞላውም። አባታቸው የቀበሌ ሊቀመንበር ስለነበረ ነፍሱን ሊያድን ቤተሰቡን ይዞ ወደ ደቡብ ሸሸ። መንገዱ የሚሸሽ ወታደርና ሕዝብ ሞልቶት ነበር። ሜጋ ከተማን እንዳለፉ ፉፋን ትኩሳት ያዘው። ወታደርና ቁስለኛ የጫነ አንድ ካሚዮን ቆመና «ከታመመ ሕፃን በቀር ሰው አንጨምርም» አሉ ወታደሮቹ። ከላይ የነበረች አንዲት የወታደር ሚስት እጇን ዘረጋች፤ አባትየው ልጁን አነሣና አቀበላት። «ሞያሌ ኬላው ላይ እጠብቃችኋለሁ» አለቻቸው። ስሟን እንኳ አልጠየቋትም።

እነሱ በእግራቸው ደረሱ። ሴትዮዋ አልነበረችም። ካሚዮኑም አልነበረም። ኬላው ላይ ሕዝቡን አንድ በአንድ እያገላበጡ ፈለጉ፤ የለም። አባትየው ብዙም ሳይቆይ በስደተኞች ጣቢያ ውስጥ ሞተ። እናትየው ግን ከጣቢያው ወጥታ ከሞያሌ አልነቃነቅ አለች። «ኬላው ላይ እጠብቃችኋለሁ ብላለች» ትላለች። ፀሐይ በወጣች ቁጥር ያችን ሴት ትረግማታለች፤ «ልጄን የቀማሽኝ፣ ጥም ይግደልሽ! መቃብርሽ ላይ የሚቆም ሰው አይኑርሽ!»

ከዚያ ልጁ መታየት ጀመረ። ቀትር ክፉ ነው ይላሉ አባቶች። ጥላ ከእግር ሥር ሲገባ፣ መንገዱ ሰው አልባ ሲሆን፣ እናትየው ድንገት ንግግሯን ታቆምና ወደ ባዶው ቦታ ታፈጣለች። «መጣ» ትላለች በሹክሹክታ። «ምን ይላል?» ስትላት ዘርፌ፣ «ምንም አይልም። አፉን ይከፍትልኛል። ጥርሱን ያሳየኛል።»

እናትየው ስትሞት ለልጇ ያወረሰችው ይህንኑ ነው። ከቀብሯ በኋላ ከሮቶው ጀርባ፣ በቀትር፣ አንድ ሕፃን ቆሞ ዘርፌ አየችው። ፊቱን አታውቀውም፤ ፊቱ ከልቧ ከጠፋ ቆይቷል። አፉን ከፈተላት። ወተት የመሰለ ጥርስ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘርፌ በቀትር ሰው እንዲቀመጥላት ትለምናለች። ማንም ባይመጣ ሬዲዮውን ጮክ አድርጋ ትከፍተዋለች።

ከዚያ ወዲህም ያንን ጥርስ ስትፈልግ ኖረች። ዕድሜው የሚስማማ፣ ከየት እንደመጣ በደንብ የማይታወቅ ወንድ ካየች ዐይኗ ቀድሞ አፉ ላይ ያርፋል። ጥርሱ ነጭ ከሆነ ታናግረዋለች፣ የእናቱን አገር ትጠይቀዋለች። አንዳንዱ ሌላ ነገር የፈለገችው መስሎት አፍራ የተመለሰችበት ጊዜ አለ። ጥርሱ የበለዘውን ግን ዞር ብላም አታየውም። የበለዘ ጥርስ የራሷ ኀፍረት ነው፤ ፉፋ ከዚያ አምልጧል።

ባለፈው ዓመት አንድ የመንጋጋ ጥርሷ ተሰነጠቀና አላስተኛት አለ። ከናይሮቢ በኩል የጥርስ ሐኪሞች መጥተው ድንኳን ተክለዋል ሲባል ሰምታ ሄደች። የደረሳት ሜርሲ የምትባል ወጣት ሐኪም ነበረች፣ በዚያው ስምጥ ሸለቆ፣ በኬንያ በኩል ያለው የናኩሩ አካባቢ ልጅ። ዘርፌ አፏን ስትከፍት ዐይኗን ጨፈነች። ሐኪሞች ሁልጊዜ «ጥርስሽን አትፍቂም እንዴ?» ይሏታል። ሜርሲ ግን በስዋሂሊ ቀስ ብላ፣ «ማማ፣ ልጅነትሽን ያሳለፍሽው ሞያሌ አይደለም፣ አይደል?» አለቻት።

ዘርፌ ዐይኗን ገለጠች። «በምን አወቅሽ?»

«የእናቴም ጥርስ እንዳንቺው ነው። ለሠርጌ ፎቶ እንኳ አፏን ገጥማ ነው የተነሣችው።» ሜርሲ ወንበሯን ጠጋ አደረገች። «ፍሎራይድ የሚባል ነገር ነው። ድንጋይ ውስጥ አለ። ውሃ በድንጋዩ ሲያልፍ ያሟሟውና ይዞት ይወጣል። ስምጥ ሸለቆ ደግሞ የእሳተ ገሞራ አገር ነው፤ የጥልቅ ጉድጓድ ውሃው ብዙ ጊዜ ይበዛበታል።»

«መርዝ ነው በይኛ።»

«መጠኑ ነው ነገሩ፣ እንደ ጨው። በልኩ ሲሆን ጥርስን ያጠነክራል፤ ስኳር ከበላን በኋላ አፋችን ውስጥ የሚፈጠረው አሲድ የጥርሱን ሽፋን ሲሸረሽር ፍሎራይዱ መልሶ ይጠግነዋል። የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚገባውም ለዚህ ነው። ሲበዛ ግን፣ ያውም ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ በሚሠራበት ዕድሜ ከተጠጣ፣ ሽፋኑ ጎርበጥባጣና ስስ ሆኖ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላም ቀለም እየጠጣ ይበልዛል። ትልቅ ሰው ሆኖ ያንን ውሃ ቢጠጣ ጥርሱ እንደዚህ አይሆንም። ይኼ የልጅነት ማኅተም ነው።»

ዘርፌ ማንንም ጠይቃ የማታውቀውን ጠየቀች። «ታዲያ ወንድሜ እንዴት ዳነ? ከዚያው ጉድጓድ ነው የጠጣው፣ ጥርሱ ነጭ ነበር።»

«ስንት ዓመቱ ነበር ስታዪው?»

«አራት አልሞላውም።»

ሜርሲ የዘርፌን እጅ ያዘች። «ማማ፣ ያየሽው የወተት ጥርሱን ነው። የወተት ጥርስ አብዛኛው የሚሠራው ልጁ ማኅፀን ሳለና እንደተወለደ ሰሞን ነው፤ በእናቱ በኩል ብዙ ፍሎራይድ አይደርሰውም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ያመልጣል። ቋሚዎቹ ግን ያኔ ከሥር እየተሠሩ ነበር። አላመለጠም።» የዘርፌን አውራ ጣት ወደ ብርሃኑ አዞረችው። «ጥፍርሽን እዪ፤ ቀድሞ የበቀለው ጫፉ ነው። ጥርስም ከጫፉ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ሌላ ውሃ ከጠጣ፣ የፊት ጥርሶቹ ጫፋቸው በልዞ ወደ ድዱ እየነጣ የሚሄድ ይሆናል። ለምን ትጠይቂያለሽ?»

ዘርፌ አፏን መልሳ ከፈተችላት። መንጋጋዋን አስነቀለች። ከድንኳኑ ወጥታ መንገዱ ዳር ባለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ጥጡን እንደነከሰች፣ ያሳለፈቻቸው አፎች ሁሉ አንድ በአንድ ይመጡባት ጀመር። ስንቱን ፊቷን አዙራበታለች?

ከሁሉም አንዱ አልሄድ አላት። ዋሪዮ። በትልቁ ድርቅ ጊዜ ቦቴ እየነዳ ውሃ ያመላልስላት የነበረ፣ ከሞያሌ ወዲያ ካለች ኦቦ ከምትባል መንደር የመጣ ሰው። ሳቂታ ነበር፤ የሚስቀው ደግሞ አፉን በሰፊው ከፍቶ፣ ጥርሱን ሳይደብቅ። ጫፉ ላይ ቡናማ፣ ወደ ድዱ ነጭ። «የዚህ ደግሞ ግማሹን ነው የነካው» ብላ ዞር ማለቷ ትዝ አላት። ዝናብ ሲዘንብ ሥራውን ትቶ ወደ ከብቶቹ ሄደ፤ ከዚያ አላየችውም።

በገበያ ቀን ወደ ኦቦ የሚመለስ ሎሪ ተሳፈረች። መንገዱ አንጀት ይበጥሳል። የዋሪዮን ቤት ጠይቃ ደረሰች፤ ደጁ ላይ እናቱ ዳዶ ከአንዲት ትንሽ ልጅ ጋር ተቀምጣለች። ልጅቷ የዋሪዮ ልጅ ሀዊ ናት፤ ጉንጯ አብጦ በእጇ ደግፋዋለች።

ዘርፌ በቦረንኛ ተሳለመች፣ ስለ ግጦሹ ጠየቀች፣ ስለ ከብቱ ጠየቀች። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ «አኮ ዳዶ፣ እማማ፣ ዋሪዮ ያደገው እዚሁ ነው?» አለች።

አሮጊቷ ቀና አለች። «እዚሁ ነው የወለድኩት። ከዚህ ኩሬ ሌላ ውሃ ቀምሶ አያውቅም።»

ቶሎ ነው ያለችው፤ ስለ ውሃው ማንም ሳይጠይቃት። ዘርፌ የአሮጊቷን አፍ አየች። የቀሩት ጥርሶች ጥቂት ናቸው፤ ግን ንጹሕ። በአጥሩ በኩል ሰላምታ የሰጡት የዋሪዮ እኩዮችም የኩሬ ውሃ ያሳደጋቸው ነበሩ፤ አንድም የበለዘ የላቸውም።

ያኔ ዋሪዮ መጣ። «እትዬ ዘርፌ! የሮቶዋ እመቤት! ምን እግር ጣለሽ?» ብሎ ሳቀ። ፀሐዩ አፉ ላይ አረፈ። ጫፉ ቡናማ፣ መሐሉ ደመናማ፣ ወደ ድዱ ነጭ። ልክ አንድ ሰው አራት ዓመት ሳይሞላው እጁን ይዞ ከጉድጓዱ እንደነጠለው።

«ወንድሜ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ግን ዳዶን አየቻት፤ አሮጊቷ የልጇን ልብስ ጫፍ ጨብጣለች፣ ሕፃን ልጅ መንገድ ሲሻገር እንደሚያዝ። ዐይኗ ዘርፌን ይለምናል። ዘርፌ ቃሉን ዋጠችው።

«የጥርስ ሐኪም አውቃለሁ» አለች። «ይቺን ልጅ ሳትወስዷት አትክረሙ።»

በሚቀጥለው ሳምንት ዋሪዮ ሀዊን በሞተር ሳይክል ይዟት መጣ። ሜርሲ ድንኳኑ ውስጥ የልጅቷን አፍ አየች፤ መንጋጋዎቿ ተበልተው ጠቁረዋል። ስኳር የበዛበት ሻይ ከጠዋት እስከ ማታ፤ የኩሬው ውሃ ደግሞ ፍሎራይድ የሚባል እምብዛም የለውም። የበሰበሰውን ነቀለችላት፣ በተረፉት ላይ ፍሎራይድ ቀባችላት፣ የጥርስ ሳሙናም ሰጠቻት፤ «የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ፣ ከዚያ ትተፊዋለሽ፣ አትውጪው።»

ዋሪዮ ግራ ገባው። «ይኼ ዘርፌ የነገረችኝ ነገር አይደለም? ጥርስ የሚያበላሸው?»

«ያው ነው» አለች ሜርሲ። «የልጅህን ጥርስ ለስኳር የሰጠው የሱ ማነስ ነው። ያንተን ደግሞ ...» የዋሪዮን አፍ አየችና ቆመች። «አንተ እስከ አራት ዓመትህ የት ነበርክ?»

«ኦቦ። የት እሆናለሁ?»

ሜርሲ ወደ ዘርፌ ዞረች። ዘርፌ ራሷን ነቀነቀች፤ ተይው፣ እንደማለት። ሜርሲ ተወችው።

ከዚያ በኋላ ዘርፌ ኦቦ ታዘወትር ጀመር። ለሀዊ ጥርስ ነው ትላለች። ዋሪዮ «እትዬ» እያለ ያስተናግዳታል፤ እሷ ስለ ከብቶቹ ስትጠይቅ፣ ለልጆቹ ብስኩት ሳይሆን ፍራፍሬ ይዛ ስትመጣ፣ ሰው ሁሉ ለመዳት። ወንድሟ ፊት ተቀምጣ እንግዳ መሆን ምን እንደሚመስል የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ክረምት መግቢያው ላይ ዳዶ ታመመች። አንድ ቀን ዘርፌን ለብቻዋ አስከትላ፣ በምርኩዝ እየተደገፈች፣ ከኩሬው በላይ ወዳለ ቁጥቋጦ ወሰደቻት። ጥቂት ድንጋይ ተከምሮበታል።

«መንገድ የጠፋበት ካሚዮን እዚህ ቆመ» አለች አሮጊቷ። «የናንተ ወታደሮች ነበሩ። ውሃ ጠጥተው ሄዱ። አንዲት ሴት ግን መነሣት አቃታት፤ ትኩሳቱ ከልጁ ወደሷ ተጋብቶ ነበር መሰለኝ። ስንሰጣት አትጠጣም፤ ቅሉን ልጁ አፍ ላይ ታደርገዋለች። 'ውሃ፣ ውሃ' ይላል ልጁ። ያኔ ቋንቋችሁን አላውቅም፤ ውሃ የሚሉት እሷን መሰለኝ። ስሟ መሰለኝ። በዚሁ ስም ቀበርናት። እናቱ ናት ብዬ ነው። የሚፈልገው ሰው ያለ አልመሰለኝም፣ ልጄ። በዋቃ ስም እምላለሁ።»

ዘርፌ ድንጋዩን አየች። የእናቷ ርግማን ጆሮዋ ውስጥ ነበር፤ ጥም ይግደልሽ፣ መቃብርሽ ላይ የሚቆም ሰው አይኑርሽ። ርግማኑ ገና ሳይወጣ ሴትዮዋ ሞታ ነበር፤ ለልጁ ብላ ሳትጠጣ። ለዓመታት የረገሙት ይህንን የኩሬ ዳር መቃብር ነው። ዘርፌ ተንበረከከች። ይቅርታ የምትጠይቅበት ስም አልነበራትም። «እህቴ» አለች፣ ሌላ ምን ትበል። ነፋስ አልነበረም፤ ግን ከቁጥቋጦው ውስጥ አንድ ነገር ኮሽ አለ፤ ዳዶ «ጥንቸል ነው» አለች፣ ጥንቸሉን ማንኛቸውም ሳያዩት።

«ስሞት ንገሪው» አለች ዳዶ ሲመለሱ። «ሳልሞት አይሁን።»

ዳዶ ያን ክረምት አልጨረሰችም። ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ዋሪዮ ራሱ ሮቶው ድረስ መጣ። ዘርፌ አፏን በሻሿ ሳትሸፍን፣ ከጉድጓዱ ጀምራ እስከ ድንጋዩ ክምር ነገረችው። ሰምቶ ሲጨርስ አልደነገጠም።

«ልጆች ሆነን 'የካሚዮን ልጅ' ይሉኝ ነበር» አለ። «እናቴ ስትሰማ ታለቅስ ነበር። እንዳታለቅስ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።»

«ናይሮቢ ደም መርምሮ ዝምድናን የሚለይ ቦታ አለ አለችኝ ሜርሲ። ጥርስ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም ትላለች። ከዚያ ሸለቆ የተሰደደው ልጅ ብዙ ነው።»

«ደሙ አይደለም ካለስ? ከዚያ አንቺና እኔ ምን እንባባል?» ዋሪዮ ተነሥቶ ጥቂት ሄደና ተመለሰ። «ስሙ ማን ነበር?»

«ፉፋ።»

«ፉፋ» አለ፣ የሰው ጫማ እንደሚሞክር ሰው።

ወደ ናይሮቢ አልሄዱም። ዋሪዮ ሞያሌ በመጣ ቁጥር ዘርፌ ዘንድ ይበላል፣ ሀዊም ዕረፍቷን እሷ ጋ ታሳልፋለች። ኦቦ አዲስ ጉድጓድ ሲቆፈር፣ የውሃው ናሙና ተመርምሮ ሳይመጣ ልጆቹ እንዳይጠጡ ብላ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ የተሟገተችው ዘርፌ ናት፤ አፏን ከፍታ፣ ጥርሷን እያሳየች።

ሕፃኑ ግን አልተዋትም። ሰውዬው ከተገኘ ይሄዳል ብላ ነበር። በቀትር አሁንም ከሮቶው ጀርባ ይቆማል፣ አሁንም ጥርሱ ወተት ነው፣ አራት ዓመት ሳይሞላው እንደቀረ ነው። ሰውዬው አድጎ በሌላ ስም ሌላ እናት ቀብሯል፤ ልጁን ያገኘው የለም።

ባለፈው የገበያ ቀን ዋሪዮ ተሰናብቷት ወደ ሎሪው ሲሄድ ዘርፌ ከኋላው አየችው፤ ትከሻው አባቷን መሰላት። ሳታስበው፣ ባላት ድምፅ ሁሉ፣ «ፉፋ!» ብላ ጠራችው። ገበያተኛው ዞሮ አያት። ዋሪዮ አልዞረም። ስሙ መሆኑን ጆሮው አላወቀውም፤ ከብት ነጂዎቹን እየገፋ፣ ከአንዱ ጋር እየተሳሳቀ፣ አልፎ ሄደ። ደግማ አልጠራችውም።